ቋሚ ሆኛለሁ፤ ግን ለማን ልንገር?

ምክር የጠየቀችኝ የአንዲት አንባቢ ደብዳቤ ረዘም ስለሚል ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 23 ነው። አምና ሐምሌ ላይ በአካውንቲንግ ተመረቅኩ። ብዙ ወራት ሥራ ስፈልግ ከርሜ፣ ከፋሲካ በኋላ ለገሃር አካባቢ ያለ አንድ አስመጪ ድርጅት በጁኒየር አካውንታንትነት ቀጠረኝ። ዋስ የሆነኝ አጎቴ ነው። በዚህ ሳምንት የሙከራ ጊዜዬን ጨርሼ የቋሚነት ደብዳቤ ተሰጠኝ። ሌላም ነገር አለ። የሰኔ 30 ሂሳብ ሲዘጋ የእኛ መዝገብና የባንኩ መግለጫ በ5,400 ብር አልገናኝ ብሎ ሁሉም ተጨንቆ ነበር። ስህተቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። አሃዝ ተገላብጦ ገብቶ ነው። የፋይናንስ ኃላፊያችን ስብሰባ ላይ ስሜን ጠርተው አመሰገኑኝ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ጨንቆኛል። የምንኖረው አፍንጮ በር ነው። እናቴ ‹ፍልሰታ ሳይገባ በግ አርደን የእድሩን ሴቶች እንጥራ› ትላለች። ለምረቃዬ የተበደረችውን እንኳን ገና ከፍላ አልጨረሰችም። የቢሮ ሰዎች ‹ግብዣው መቼ ነው?› እያሉ መቀመጫ ነሱኝ። ከሁሉ የባሰው ግን የጓደኛዬ ነገር ነው። ክፍለ ሀገር ስንማር አራት ዓመት አንድ ዶርም ነበርን። የመውጫ ፈተናውን አብረን አጥንተን አብረን አለፍን። እሷ እስካሁን ሥራ አላገኘችም። ባለፈው ቅዳሜ ስድስት ኪሎ ተገናኝተን ‹ሥራ እንዴት ነው?› ስትለኝ ‹ያው ነው፣ እስኪ እናያለን› አልኳት። ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ደግሞስ ይሄ የሚከበር ነገር ነው? የኛ ባች ልጆች ድርጅት ከፍተዋል፣ ውጭ ሀገር ስኮላርሺፕ አግኝተዋል። እኔ ያገኘሁት አንድ ስህተት ነው። ደብዳቤውን ቴሌግራም ላይ ልለጥፈው አስቤም ነበር። ምን ይመክሩኛል?

ቋሚዋ፣ ከአፍንጮ በር»

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ ዝም ብሎ መክረም ራሱ ያደክማል።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። የሌላው ጭንቀትሽ ሥር እሱ ይመስለኛል። ‹ይሄ የሚከበር ነገር ነው?› ብለሻል። አዎ፣ ነው።

ሂሳብ ክፍል ሠርቶ የማያውቅ ሰው 5,400 ብር ለአንድ አስመጪ ድርጅት ምንም ላይመስለው ይችላል። የሠራበት ግን ያውቀዋል። ልዩነቱ 5,400 ሆነ 54 ብር፣ ካልገጠመ አልገጠመም። ሂሳቡ አይዘጋም፣ ሰውም በጊዜ ቤቱ አይገባም። አሃዝ ተገላብጦ ነው ብለሻል። ለምሳሌ 78,200 መሆን የነበረበት 72,800 ተብሎ ሲመዘገብ ልዩነቱ 5,400 ይመጣል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ቦታ ሲለዋወጡ የሚፈጠረው ልዩነት ሁልጊዜ ለ9 እኩል ይካፈላል። 5,400 ለ9 ሲካፈል 600 ነው፣ ቀሪ የለውም። ነባር የሂሳብ ሰዎች ልዩነት ሲያጋጥማቸው መጀመሪያ ለ9 የሚያካፍሉት ለዚህ ነው። አንቺም ይህንን ክፍል ውስጥ ሰምተሽው ይሆናል።

ክፍል ውስጥ መስማትና መሥሪያ ቤት ውስጥ መናገር ግን ለየቅል ነው። ሁሉም በተጣደፈበት፣ ከአንቺ በፊት የገቡት ሁሉ ወረቀቱን አገላብጠው ሲያቅታቸው፣ የሙከራ ሠራተኛዋ ተነስታ ‹ይቅርታ፣ እስኪ እዚህ ጋ ይዩልኝ› ትላለች። ተሳስተሽ ቢሆንስ? ገና ቋሚ አልነበርሽም። አፍሽን ይዘሽ ብትቀመጪ ማንም አይጠይቅሽም ነበር። ኃላፊሽ ስምሽን የጠሩት ለ9 ማካፈል ስለቻልሽ ብቻ አይመስለኝም።

የሙከራ ጊዜውም ቀላል ነገር አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሙከራ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በእነዚያ ቀናት አሠሪው ‹ለሥራው ብቁ አይደለሽም› ካለ ያለ ማስጠንቀቂያም ያለ ካሳም ሊያሰናብትሽ ይችላል። ታክሲ ውስጥ ሆነሽ ‹ዛሬ ቢጠሩኝስ?› እያልሽ ያሳለፍሻቸው ጠዋቶች ነበሩ ብዬ እገምታለሁ። አሁን አልፈዋል። በነገራችን ላይ አገልግሎትሽ የሚቆጠረው ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን አይደለም፤ ሥራ ከጀመርሽበት ቀን ነው። ደብዳቤሽን አውጥተሽ ቀኑን እዪው። ተሳስቶ ከሆነ አሁኑኑ አስተካክዪ፤ በኋላ ማንም አያስታውሰውም።

ታዲያ ይህን ያህል ነገር አድርገሽ ለምን ‹አንድ ስህተት አገኘሁ› ብለሽ ታቃልዪዋለሽ? ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። እኛ አገር የወጣት ደስታ ሁሉ ተጠቅልሎ የሚፈሰው ምረቃ ላይ ነው። በዚህ ሰሞን ስድስት ኪሎ ያለፈ ሰው አይቶታል። ጋውን ለብሰው በር ላይ የተሰለፉ ልጆች፣ አበባ የታቀፉ አክስቶች፣ ‹አንዴ ቀና በሉ!› የሚል ፎቶ አንሺ፣ ጋውኑ እንዳይበሰብስ ጃንጥላ ይዞ ከኋላ የሚሮጥ ታናሽ ወንድም። ማታ ድግስ አለ። ፎቶው በፍሬም ሆኖ ሳሎን ይሰቀላል። ከዚያ በኋላ ዝም ነው። ‹ሥራ ያዝሽ?› ከሚለው ጥያቄ በቀር ማንም ምንም አይልም።

ይህ ድሮ ትርጉም ነበረው። በደርግ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂን መንግሥት ይመድበው ነበር። ዲግሪና ደመወዝ ተከታትለው ነበር የሚመጡት። ምረቃው ሲደገስ ሥራውም አብሮ ተደገሰ ማለት ነበር። ዛሬ በሁለቱ መካከል ምን ያህል መንገድ እንዳለ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ፤ 50 በመቶ ካልመጣ ዲግሪውም የለም። እሱ ሲታለፍ ‹ዜሮ ዓመት ልምድ› የሚል የሥራ ማስታወቂያ ፍለጋ ነው። የጽሑፍ ፈተና፣ ቃለ መጠይቅ፣ ‹እንደውላለን›። ሲሳካ ደግሞ ‹ዋስ አምጪ›። ከዚያ ሙከራ። መንገዱ እንዲህ ረዝሞ ሳለ ድግሱ ግን ከድሮ ቦታው ንቅንቅ አላለም። ለዚህ ነው ደብዳቤሽን ይዘሽ ‹ይሄ ምን ይባላል?› ብለሽ የተወዛገብሽው። እኔን ከጠየቅሽኝ ከጋውኑ ይልቅ ይሄ ደብዳቤ ይበልጥብኛል።

ድርጅት የከፈተውንና ስኮላርሺፕ ያገኘውን እንኳን ደስ ያላችሁ በያቸው። የእነሱ ለእነሱ ነው።

አሁን ወደ ጓደኛሽ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣሽ ነው።

‹ያው ነው› ያልሽው እሷን ላለማስከፋት ነው፤ ይገባኛል። ግን እስኪ በእሷ ቦታ ሁኚ። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ከባቹ ልጆች አንዱ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ‹እንኳን ደስ ያለሽ› ብሎ ይለቀዋል። ወይም እናትሽ መንገድ ላይ አግኝታት በደስታ ትነግራታለች። ያኔ ጓደኛሽን የሚያንገበግባት የአንቺ ቋሚ መሆን አይደለም። ‹ለእኔ መንገር ከበዳት። ቅናተኛ አድርጋ ቆጥራኛለች፣ ወይ አዝናልኛለች› ነው የምትለው። ሥራ የሌለው ሰው ብዙ ነገር ይችላል። ሲታዘንለት ግን ወዲያው ያውቀዋል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት፣ ሌላ ሰው ሳይቀድምሽ፣ በአካል ንገሪያት። በስልክ አይሁን፤ በጽሑፍ መልእክት ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። ፊት ለፊት ካፌ ውስጥ ተፋጥጦ መንገርም ይከብዳል፤ ፊትን መቆጣጠር ያስፈልጋላ። ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ ውረዱ። ሲሄዱ መናገር ይቀላል፣ ዝም ማለትም አያሳፍርም። ዝናብ ከመጣ መጠለያ አይጠፋም።

የምትዪው አጭር ይሁን። ‹ቋሚ አደረጉኝ። ቅዳሜ ልነግርሽ ፈልጌ አፌ ተያዘ። ካንቺ በፊት ሌላ ሰው እንዲነግርሽ አልፈለግኩም።› በቃ። ከዚያ ዝም በይ። ‹አይዞሽ፣ አንቺም ታገኛለሽ› የሚለውን ዋጥ አድርጊው፤ እሱን ከሰው ሁሉ ስትሰማ ከርማለች። ‹ደመወዙ እንኳ ምንም አይደል› አትበዪያት። ‹ሥራው ይሰለቻል› ማለትም ይቅር። የራስሽን ነገር ስታጣጥዪባት የሚቀላት ይመስልሻል። ሥራ ለሚፈልግ ሰው ግን ሥራ ያለው ሰው ሲያማርር እንደመስማት የሚያናድድ ነገር የለም። ከጠየቀችሽ እውነቱን ንገሪያት። የ5,400ውን ታሪክም ንገሪያት። አካውንታንት ናት እኮ! ከእናትሽም ከእድርተኛውም በላይ ጣዕሙ የሚገባት እሷ ናት። ማን ያውቃል፣ ‹ለ9 አካፈልሽው?› ብላ የምትጠይቅሽም እሷ ብቻ ናት።

ምናልባት ‹እንኳን ደስ ያለሽ› ብላ አቅፋሽ፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ትጠፋለች። አትከታተያት፣ አትቀየሚያትም። ደስታዋ ልባዊ ነው፣ መከፋቷም ልባዊ ነው። ሁለቱም አንድ ልብ ውስጥ ይቀመጣሉ።

ስትመለስ ልትረጂያት ከፈለግሽ የሚጨበጥ ነገር ይሁን። የጽሑፍ ፈተናው ላይ ምን እንደጠየቁሽ ንገሪያት። ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ የምትሠሪውን እሁድ ከሰዓት ላፕቶፕሽን ከፍተሽ አሳዪያት። ብዙ መሥሪያ ቤት ፒችትሪ የሚችል ሰው ይፈልጋል፤ በልምምድ ብዛት ይለመዳል። የሥራ ማስታወቂያ ስታዪ ላኪላት፣ ግን በቀን አሥር አታዝንቢባት። ‹እኔ አስገባሻለሁ› የሚል ቃል ደግሞ በፍጹም አትግቢ። ገና ሦስት ወርሽ ነው። ማንንም ማስገባት አትችዪም፤ ያልቻልሽው ቀን ጓደኝነታችሁ ላይ ይመጣል።

የእናትሽ ነገር። በጉን በአንድ ቃል ‹አይሆንም› አትበያት። ከበጉ ጀርባ ያለው ሌላ ነው። ከምረቃሽ ጀምሮ ‹ልጅሽ ሥራ ያዘች?› ሲሏት የከረሙ ጎረቤቶች አሉ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ፣ ወፍጮ ቤት፣ ልቅሶ ቤት ሳይቀር። ‹እስኪ እግዜር ያውቃል› እያለች መልሳለች። አሁን መልሱ ሲመጣ ለእነዚያው ሰዎች በአንድ ጊዜ፣ በደንብ መንገር ትፈልጋለች። ይህ መብቷ ነው። ለዚህ ግን በግ አያስፈልግም። ድፎ ዳቦ ይደፋ፣ ቄጤማ ይጎዝጎዝ፣ ፈንዲሻ ይበተን፣ ቡና እስከ በረካው ይጠጣ። ሴቶቹ ‹እሰይ! እልል!› ይላሉ፣ ይመርቁሻል፣ ወሬው እስከ ማታ ድረስ ሰፈሩን ያዳርሰዋል። ስለት ካለባት ግን እሱ ይቅደም፤ በስለት ጉዳይ ከእናት ጋር ክርክር የለም።

ብድሩን በተመለከተ አንድ ነገር ልለምንሽ። ከምረቃሽ የቀረውን ዕዳ አንቺ ውሰጂው። ባንዴ ካልሆነ በየወሩ ትንሽ ትንሽ። የበጉን ነገር ሊያስረሳት የሚችለው ይህ ብቻ ነው። ‹እማዬ፣ የበጉን ብር ለብድሩ እናድርገው፣ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ› ብትያት ትንሽ ታለቅሳለች፣ ከዚያ እሺ ትላለች። እንቢ ካለችና በጉ ከመጣም፣ በዕዳ ላይ ዕዳ እንዳትጨምር ብቻ ተከላከዪ።

ቡናው ላይ አጎትሽ እንዳይቀሩ። ዋስ መሆን ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ሰውዬው ከመሥሪያ ቤታቸው ደብዳቤ አጽፈው፣ ገንዘብ በምትነካ ልጅ ስም ፈርመዋል። አንቺ ብታጠፊ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ብዙ ሰው ዋሱን የሚያስታውሰው ችግር ሲመጣ ነው። ዕቃ መግዛት የለብሽም። እድርተኛው በተሰበሰበበት ‹ጋሼ ባይፈርሙልኝ ኖሮ ይህ አይመጣም ነበር› ማለት ይበቃል። ያንን ቀን ደረታቸውን ነፍተው ነው ቤታቸው የሚገቡት።

ጓደኛሽ ቡናው ላይ ትምጣ ወይ? ጥሪያት፣ ግን አታስገድጃት። ከመጣች አንድ አደጋ አለ። ሴቶቹ ስኒውን እንደያዙ ዞር ብለው ‹አንቺስ የኔ ልጅ፣ የት ገባሽ?› ይሏታል። ክፋት የላቸውም፣ ግን አይቀርም። እናትሽን ቀድመሽ አስጠንቅቂያት። ጥያቄው ገና ሲጀመር እናትሽ ‹ተዋት እስኪ፣ ዳቦ ቁረሺልን የኔ ልጅ› ብላ ታስጥላት። እናቶች ይህን ከፈለጉ አሳምረው ይችሉበታል።

የቢሮው ግብዣ አያስጨንቅሽ። ‹ግብዣው መቼ ነው?› ግማሹ ፍቅር ነው፣ ግማሹ ልማድ። ጁኒየር አካውንታንት ክትፎ ቤት ወስዳ ክፍሉን በሙሉ እንደማትጋብዝ እነሱም ያውቃሉ፤ ደመወዝሽን የሚሠሩት እነሱው አይደሉ? ለጡረታ 7 በመቶ፣ ለግብር ደግሞ ሌላ ተቆርጦ ምን እንደሚተርፍሽ ከነሳንቲሙ ያውቁታል። ደመወዝ የገባ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ኬክ ይዘሽ ግቢ፣ የጀበና ቡና አስመጪ። ከቻልሽ ሥራውን ያሳየሽን ሰው ለብቻው ማኪያቶ ጋብዢው። በመጀመሪያው ሳምንት ሳይሰለች ያስተማረሽ አንድ ሰው መቼም አይጠፋም።

ከዚህ ሁሉ ማክበር ጎን ለጎን ደግሞ አንድ ደብተር ግዢ። ቀኑን ጽፈሽ ‹የሰኔ 30 የባንክ ሂሳብ ሲታረቅ የተገለበጠ አሃዝ አግኝቼ አስተካከልኩ› ብለሽ አስፍሪ። ኃላፊሽንም ‹የነገሩኝን በአጭር ኢሜይል ቢጽፉልኝ› ብለሽ ብትጠይቂ ነውር የለውም። የስብሰባ ምስጋና ከስብሰባው ጋር ይበተናል። የዛሬ ዓመት ‹1 ዓመት ልምድ› የሚል የተሻለ ቦታ ስታዪ ሲቪሽ ላይ ምን እንደምትጽፊ አትቸገሪም። አዲስ ተመራቂዎች ሲቪያቸው ላይ ‹ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምችል› ብለው ሞልተው ሲልኩ ሳይ አዝናለሁ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። አንቺ የምትጽፊው ነገር አለሽ።

ቴሌግራሙ ቀረ። ደብዳቤውን ፎቶ አንስተሽ አትለጥፊው። ደመወዝሽ፣ የደብዳቤ ቁጥሩ፣ የድርጅቱ ማኅተምና የኃላፊው ፊርማ አለበት፤ ለሚያጭበረብር ሰው ሲሳይ ነው። መለጠፍ ካማረሽ የራስሽን ፎቶ ‹ቋሚ ሆንኩ› ከሚል ጽሑፍ ጋር ለጥፊ፣ ደስ ይበልሽ፣ የልብ ምልክት ይዝነብልሽ። ግን ለጓደኛሽ ከነገርሻት በኋላ ይሁን። የ5,400ውን ነገር እዚያ ላይ አትዘርዝሪው፤ የድርጅቱ ሂሳብ ነው። ለእኔ የጻፍሽው የድርጅቱን ስም ሳትጠቅሺ ስለሆነ ነው ያወጣሁት።